የክሬዲት ካርድ ነጥብ ከደለስ እስከ ቦሌ

ክሬዲት ካርዳችሁ ላይ፣ ስትከፍሉበት ባንኩ የሚሰጣችሁ ነጥብ 90,000 ተጠራቅሟል እንበል። በጥሬ ገንዘብ ቀይሩልኝ ብትሉ እንደ ቼዝ ያለ ባንክ 900 ዶላር ይሰጣችኋል። አማዞን ላይ ዕቃ ብትገዙበት ከዚያም ያነሰ ነው የሚያወጣው። ያው 90,000 ነጥብ ቀኑንና መንገዱን ካወቃችሁበት ግን ከ2,000 ዶላር በላይ የሚያወጣ ቲኬት ይቆርጣል። ነጥብ የተለጠፈበት ዋጋ የለውም፤ ዋጋው የሚታወቀው ስታወጡት ነው። እዚህ የማወራው አሜሪካ ሆኖ ወደ አዲስ አበባ ለሚመላለስ ሰው ነው፤ የዚህ መንገድ ብልሃት ከአውሮፓው ወይም ከሃዋዩ ይለያል።

ከሁሉ በፊት ወለድ። የአሜሪካ ክሬዲት ካርድ ወለድ አሁን በአማካይ ከ20 በመቶ በላይ ነው። በ22 በመቶ 3,000 ዶላር ዕዳ የሚያንከባልል ሰው በየወሩ ወደ 55 ዶላር ይከፍላል፤ በዓመት 660 ዶላር መሆኑ ነው። ይህን የሚመልስ ነጥብ የለም። የወሩን ሂሳብ ሙሉውን በቀኑ የማይከፍል ሰው ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ ቢያቆመው ይሻለዋል፤ መጀመሪያ ዕዳው ይለቅ።

ነጥብ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው አየር መንገዱ ራሱ የሚሰጠው፣ ማይል የሚባለው ነጥብ ነው፤ ያንን የምትጠቀሙበት በዚያው ፕሮግራም ብቻ ነው። ሁለተኛው የባንክ ነጥብ ነው፦ የቼዝ፣ የአሜሪካን ኤክስፕረስ፣ የካፒታል ዋን፣ የሲቲ። ይህኛው ወደ ተለያዩ አየር መንገዶች ይዛወራል፤ አብዛኛውን ጊዜም አንድ ነጥብ አንድ ማይል ይሆናል። ሰብስቡ የምለው ሁለተኛውን ነው፣ ምክንያቱም አንዱ አየር መንገድ ዋጋ ቢጨምር ወደ ሌላው ትዞራላችሁ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሰናከላል። የአሜሪካ ባንኮች ነጥብ ወደ ኢትዮጵያ አየር መንገድ የማይል ፕሮግራም፣ ወደ ሼባ ማይልስ፣ አይዛወርም። ይህን ያየ ሰው "ለኢትዮጵያ አይሆንም" ብሎ ነጥቡን በጥሬ ገንዘብ ይቀይረዋል። ነገር ግን የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስታር አሊያንስ የተባለው የአየር መንገዶች ኅብረት አባል ነው። ስለዚህ የሌላው አባል ማይል የኢትዮጵያን መቀመጫ ይቆርጣል። የዩናይትድ ማይሌጅ ፕላስ፣ የኤር ካናዳው ኤሮፕላን፣ የአቪያንካው ላይፍ ማይልስ ሦስቱም ከደለስ፣ ከዋሽንግተን ዲሲው አውሮፕላን ማረፊያ፣ ወደ ቦሌ ያስኬዳሉ። ቼዝ ወደ ዩናይትድና ወደ ኤሮፕላን ያዛውራል፤ አሜሪካን ኤክስፕረስና ካፒታል ዋን ወደ ኤሮፕላንና ወደ ላይፍ ማይልስ። የዩናይትድና የኤሮፕላን ሌላ ጥሩ ነገር፣ በአጋር አየር መንገድ ቲኬት ላይ የነዳጅ ጭማሪ አይጥሉም። ያ ጭማሪ በሌሎች ፕሮግራሞች "ነጻ" የተባለውን ቲኬት በመቶዎች ዶላር የሚያስከፍል ነው።

ወደ ሂሳቡ። የቲኬቱን የገንዘብ ዋጋ ያዙ፣ በነጥብ ስትቆርጡም ከኪስ የምትከፍሉትን ታክስ ቀንሱ፣ የቀረውን ለነጥቡ ብዛት አካፍሉ። ለምሳሌ ደርሶ መልስ 1,400 ዶላር፣ በነጥብ ደግሞ 90,000 ነጥብና 100 ዶላር ታክስ ቢሆን፣ 1,300 ለ90,000 ሲካፈል አንዱ ነጥብ 1.44 ሳንቲም አወጣ ማለት ነው። ደህና ነው። በረከሰ ወቅት ያው ጉዞ በ850 ዶላር ከተገኘ ግን 750 ለ90,000 ነው፤ 0.83 ሳንቲም። ከጥሬ ገንዘቡም አነሰ። ያኔ ቲኬቱን በካርድ ግዙና ነጥቡን አስቀምጡ፣ እንዲያውም ከግዢው ሌላ ነጥብ ይመጣል።

ጉዳዩ የሚጣፍጠው አንድ መንገድ ላይ ነው። በገንዘብ የአንድ መንገድ ቲኬት ብዙ ጊዜ ከደርሶ መልሱ ግማሽ በላይ ነው፣ አንዳንዴም ደርሶ መልሱን ሊያህል ምንም አይቀረው። በነጥብ ግን እያንዳንዱ አቅጣጫ ለብቻው ነው የሚቆረጠው። አንድ መንገድ 1,100 ዶላር ሆኖ በነጥብ ደግሞ 45,000 ነጥብና 6 ዶላር ታክስ ቢሆን፣ አንዱ ነጥብ 2.4 ሳንቲም አወጣ። እናት ልጇ ልትወልድ ስትል ከአዲስ አበባ ስትመጣ የመመለሻዋን ቀን ማን ያውቃል? ክርስትናው ይድረስ፣ አራስ ቤቱ ይጠናቀቅ ይባላል። መምጫዋን ዛሬ፣ መመለሻዋን ቀኑ ሲታወቅ መቁረጥ ነው። ዩናይትድ ከመነሻው ሰዓት በፊት የተሰረዘን የነጥብ ቲኬት ማይሉን ያለ ቅጣት ይመልሳል፤ ሌሎቹ እንደ ፕሮግራማቸው ያስከፍላሉ። በነጥባችሁ ለማንም ሰው መቁረጥ ይቻላል፣ ተጓዡ የነጥቡ ባለቤት መሆን የለበትም።

ሌላው ለቅሶ ነው። መርዶ የመጣ ዕለት የነገ ቲኬት ዋጋ አይቀመስም። ያልተሸጠ መቀመጫ ካለ ግን አየር መንገዱ በመጨረሻዎቹ ቀናት ለነጥብ ሊለቀው ይችላል። ሁልጊዜ አይገኝም፤ ሲገኝ ግን ነጥቡ ከየትኛውም ጊዜ በላይ የሚያወጣው ያኔ ነው። ለዚህ ብዬ የአንድ ሰው አንድ መንገድ የሚሆን ነጥብ በባንክ ውስጥ ሳይነካ ቢቀመጥ እመርጣለሁ፤ እንደ እድር መዋጮ ቁጠሩት።

አሁን ፍለጋው። ዩናይትድ ድረ ገጽ ላይ ነጻ አካውንት ክፈቱ፣ በማይል የሚለውን ምረጡ፣ ከደለስ ወደ አዲስ አበባ፣ አንድ መንገድ፣ አንድ ሰው ብላችሁ የወሩን ካሌንደር ዘርጉ። ቤተሰቡ አራት ቢሆንም በአንድ ሰው ጀምሩ። አየር መንገዱ ለአጋሮቹ ሁለት መቀመጫ ብቻ ለቆ ከሆነ፣ አራት ብላችሁ ስትፈልጉ የለም ይላችኋል። ሁለቱ ዛሬ፣ ሁለቱ በማግስቱ ቢሄዱ ማን ይሞታል? በረራው በኢትዮጵያ መሆኑን ከዝርዝሩ ውስጥ እዩ። የተገኘውን ቀን ይዛችሁ ኤሮፕላን ላይም ፈልጉ፤ መቀመጫው ያው ሆኖ የሚጠየቀው ነጥብ ይለያያል። ልዩነቱ ለአንድ ሰው በአስር ሺዎች ሊሆን ይችላል።

ከዋሽንግተን አካባቢ ውጭ ለምትኖሩ አንድ ነገር። ከሚኒያፖሊስ፣ ከዴንቨር ወይም ከሲያትል ስትፈልጉ መነሻችሁን የራሳችሁን ከተማ አድርጉት። ዩናይትድ እስከ ደለስ፣ ኒውርክ ወይም ቺካጎ፣ ከዚያ ኢትዮጵያ በአንድ ቲኬት ከወጣ ሻንጣው ቦሌ ድረስ ተለጥፎ ይሄዳል፤ የመጀመሪያው በረራ ቢዘገይም ሌላ በረራ መፈለግ የእነሱ ሥራ ነው። እስከ ደለስ ያለውን ለብቻ በርካሽ የገዛ ሰው ግን ለሻንጣዎቹ ለብቻ ይከፍላል፣ ቢያረፍድ ደግሞ የቦሌው ቲኬት ይቃጠልበታል።

መቀመጫ የሚለቀቀው ከበረራው 11 ወር ገደማ ቀደም ብሎ ነው። ለገናና ለጥምቀት፣ ትምህርት ቤት ለሚዘጋበት ሰኔና ሐምሌ የምትሄዱ ያኔ ካልጀመራችሁ ቶሎ ያልቃል። በቀጥታው መንገድ ሲጠፋ ሉፍታንዛ በፍራንክፈርት፣ ተርኪሽ በኢስታንቡል፣ ግብፅ አየር በካይሮ አዲስ አበባ ይገባሉ፤ ሦስቱም ስታር አሊያንስ ናቸው። ኤሮፕላን ደግሞ በአንድ መንገድ ቲኬት ላይ 5,000 ነጥብ ጨምራችሁ ከአሜሪካና ከካናዳ ውጭ ባለ ከተማ ቀናት እንድትቆዩ ይፈቅዳል። ኢስታንቡል ሦስት ቀን ለ5,000 ነጥብ፤ በዚህ ሁሉ ዝርዝር ውስጥ ከዚህ የረከሰ ነገር አላውቅም።

ነጥብ የሚዛወረው መጨረሻ ላይ ነው። ይህን ደግሜ እላለሁ፣ ምክንያቱም ከባንክ የወጣ ነጥብ ወደ ባንክ አይመለስም። መቀመጫው ስለታየ ብቻ አለ ማለት አይደለም፤ ስክሪኑ ላይ ተገኝቶ ክፍያው ገጽ ላይ ሲደረስ የሚጠፋ አለ። ስለዚህ ሳታዛውሩ በፊት የተጓዡን ስም እስከምትሞሉበት ገጽ ድረስ ሂዱ፤ ከተጠራጠራችሁ ደውላችሁ አስፈትሹ። ከቼዝ ወደ ዩናይትድ፣ ከአሜሪካን ኤክስፕረስ ወደ ኤሮፕላን ብዙውን ጊዜ በደቂቃዎች ይገባል። የሚያዘገየው ስም ነው። ካርዱ ላይ ስም ከነአባት፣ የአየር መንገዱ አካውንት ላይ ስም ከነአያት ከሆነ ዝውውሩ ይንጠለጠላል፣ እናንተ ስትጨቃጨቁ መቀመጫው ይሄዳል። አካውንቱን ዛሬውኑ በካርዱ ስም ልክ ክፈቱት። የቲኬቱ ስም ግን ሁልጊዜ የፓስፖርቱ ነው።

ነጥቡ ከየት ይመጣል ለሚለው፦ ከቀን ተቀን ወጪ ሳይሆን ከመግቢያ ቦነስ ነው የሚመጣው። ለአንድ ዶላር ወጪ አንድ ነጥብ ከተሰጠ 60,000 ነጥብ ለመሰብሰብ 60,000 ዶላር ማውጣት ነው። እንደ ቼዝ ሳፋየር ፕሪፈርድ ወይም ካፒታል ዋን ቬንቸር ያሉ ዓመታዊ ክፍያቸው 95 ዶላር የሆነ ካርዶች በ3 ወር ከ4,000 እስከ 5,000 ዶላር ላወጣ ከ60,000 እስከ 75,000 ነጥብ ሲሰጡ ይታያል። ሦስቱ ወር የሚቆጠረው ካርዱ በፖስታ ከደረሰበት ሳይሆን ከጸደቀበት ቀን ነው። ዓመታዊ ክፍያውም ከወጪ አይቆጠርም፣ የመለሳችሁት ዕቃ ደግሞ ይቀነሳል። ሰው በ87ኛው ቀን ሞላሁ ብሎ በ30 ዶላር ቦነሱን የሚያጣው በዚህ ነው፤ ከተጠየቀው በላይ 300 ዶላር ጨምራችሁ አውጡ።

ያንን ወጪ ያለ ብክነት ለመሙላት የሚመጣውን ትልቅ ክፍያ ጠብቁ፦ የስድስት ወር የመኪና ኢንሹራንስ በአንዴ፣ የሰርግ አዳራሽ፣ የኡበር መኪና ጎማና ጥገና። የቤት ኪራይ በካርድ ሲከፈል ከ2.5 እስከ 3 በመቶ ይቆረጣል፤ በ5,000 ዶላር ላይ 3 በመቶ 150 ዶላር ነው። ለቦነስ ሲባል ያዋጣል፣ ለየወሩ ግን ኪሳራ ነው። ኮስትኮ ሱቁ ውስጥ ከክሬዲት ካርድ የሚቀበለው ቪዛ ብቻ መሆኑን አትርሱ። እቁብ በካርድ አይጣልም። ወደ አገር ቤት ገንዘብ መላክ ከሁሉ የከፋው ነው፤ በክሬዲት ካርድ ስትልኩ ባንኩ ጥሬ ገንዘብ እንደወሰዳችሁ ሊቆጥረው ይችላል። ያኔ ነጥብ የለ፣ ከቦነስ ወጪ አይገባ፣ አብዛኛውን ጊዜ 5 በመቶ ይቆረጣል፣ ወለዱም ከዚያው ቀን ይጀምራል። ለሐዋላ ዴቢት ተጠቀሙ።

ካርድ ስታወጡ ቅደም ተከተል አለው። ቼዝ በ24 ወር ውስጥ አምስትና ከዚያ በላይ ካርድ የከፈተን ሰው አይቀበልም ተብሎ ይታወቃል፣ ስለዚህ ከእሱ ጀምሩ። ባልና ሚስት ከሆናችሁ አንዱ ያውጣ፣ ቦነሱ ከገባ በኋላ ሌላውን ይጋብዝ፤ ለጋባዡም ነጥብ አለው። ሚስትን በባል ካርድ ላይ ተጨማሪ ተጠቃሚ አድርጎ ማስገባት ግን በእሷም ስም አንድ ካርድ ተብሎ ይቆጠራል። አሜሪካን ኤክስፕረስ የአንድን ካርድ ቦነስ በዕድሜ አንዴ ነው የሚሰጠው፤ ቦነሱ ዝቅ ባለበት ጊዜ ካርዱን አታውጡ።

ሕፃን ታቅፋችሁ የምትሄዱ ደግሞ ይህን እዩ። በዓለም አቀፍ በረራ የሚታቀፍ ሕፃንም ቲኬት ያስፈልገዋል፤ በብዙ ፕሮግራም የሚከፈለው ከአዋቂው የገንዘብ ዋጋ 10 በመቶ ነው። ወላጅ በነጥብ ቢዝነስ ክላስ ሲሄድ የሕፃኑ 10 በመቶ በመቶዎች ዶላር ይመጣል። ኤሮፕላን ግን 25 የካናዳ ዶላር ወይም 2,500 ነጥብ ነው የሚያስከፍለው። ስለዚህ ነጥቡ ትንሽ ቢበዛም ለአራስ ኤሮፕላን ያሸንፋል።

ከተቆረጠ በኋላ ኢሜይሉ ውስጥ 13 አሃዝ ያለውን የቲኬት ቁጥር ፈልጉ። በዩናይትድ ከሆነ በ016፣ በኤሮፕላን ከሆነ በ014 ይጀምራል። ቁጥሩ ከሌለ መቀመጫው ተይዟል እንጂ ቲኬቱ አልወጣም፤ በማግስቱ ካልመጣ ደውሉ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ለዚያው ጉዞ የራሱ ስድስት ፊደልና ቁጥር ያለው ኮድ አለው። ከዩናይትድ ጠይቃችሁ ውሰዱት፤ ወንበር የሚመረጠውም፣ ለጾም ከሥጋና ከወተት የጸዳ ምግብ የሚታዘዘውም በእሱ ነው። በረራው ሰዓት ቢቀየር ግን ቦሌ ያለው ቢሮ ቁጥሩን አይቶ ቲኬቱን ወደ ቆረጠው ይመልሳችኋል፣ በኢትዮጵያ አየር መንገዱ 071 የሚጀምር ስላልሆነ። የዩናይትድን ስልክ ይዛችሁ ሂዱ። ሻንጣ እንደ ማንኛውም ተጓዥ ሁለት፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ፤ በርበሬና ሽሮ የሞላውን ሦስተኛውን ሻንጣ ማይሉ አይሸፍነውም።