ሼፉ «ፒንቼዬ የት አለ?» ያለ ዕለት

በዋሽንግተን ዙሪያ በሆቴል ወጥ ቤት የሠራ ኢትዮጵያዊ እንግሊዝኛው ሳይቃና ስፓኒሽ ይለምዳል። ወድዶ አይደለም። ሽንኩርት የሚከትፈውም፣ ሳህን የሚያጥበውም፣ ሥጋ የሚጠብሰውም በአብዛኛው ከኤል ሳልቫዶር የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 1992 የዘለቀውን የእርስ በርስ ጦርነት የሸሹት እዚህ ሰፈሩ፤ ዘመድ ዘመዱን እየሳበ ዛሬ በአካባቢው ካሉት የላቲን አሜሪካ ተወላጆች መካከል በቁጥር ቀዳሚዎቹ እነሱ ሆነዋል። እኔም በግብዣ ክፍል ተቆጣጣሪነት ስሠራ የለመድኩት የእነሱን ስፓኒሽ ነው፤ ከነስድቡ። ስድቡን ትቼ ቋንቋውን ብቻ ተማርኩ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ወጥ ቤት አልሠራም ማለት ነው።

የእኛ ወጥ ቤት ግን የሳልቫዶራውያን ብቻ አልነበረም። ምድጃው ላይ የሚቆመው ከሜክሲኮ፣ ከፑኤብላ የመጣ ሰው ነው። የዳቦና የኬክ ክፍሉን የምትመራው ፖርቶ ሪካዊት ናት። ከአስተናጋጆቹ አንዱ ደግሞ የቦነስ አይረስ ልጅ ነው። ሁሉም ስፓኒሽ ይናገራሉ፤ አንዱ በተናገረው ሌላው ወይ ይስቃል ወይ ፊቱ ይቀላል። ሳልቫዶራዊት እናት ስለ ልጆቿ ስታወራ «ቢቾዎቼ» ትላለች፤ ፖርቶ ሪካዊቷ ጆሮዋን ትይዛለች፤ በእሷ አገር ቢቾ የወንድ ብልት ነው። ሜክሲኳዊው ሰውን «ፔንዴሆ» ካለ ደደብ ማለቱ ነውና ጠብ ይነሳል። አርጀንቲናዊው ግን ታናሽ ወንድሙን «ያ ፔንዴሆ» እያለ በናፍቆት ያነሳዋል፤ ልጅ እግር ማለቱ ነው። ከሃቫና የመጣ ሰው ቢኖረን ኖሮ ፍራፍሬ ስንቆርጥም በተቸገርን ነበር፤ እዚያ ፓፓያን በስሟ መጥራት ነውር ስለሆነ «ፍሩታ ቦምባ» ይሏታል።

የዕቃ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ አንድ የአገራችን ሰው ነበሩ፤ ጋሼ እንላቸዋለን። ሜክሲኳውያኑ ወጣቶች «እንዴት አደራችሁ ማለት ነው» ብለው «ኬ ፔዶ» የሚለውን አስተማሯቸው። ቃሉ በቀጥታ ሲፈታ «ምን ፈስ አለ» ነው፤ የቅርብ ጓደኞች ይባባሉበታል እንጂ ለትልቅ ሰው አይባልም። ጋሼ ታዲያ ጠዋት ጠዋት ባርኔጣቸውን አንስተው፣ ጎንበስ ብለው፣ ሳልቫዶራዊቷን እናት «ኬ ፔዶ» ይሏታል። ሴትዮዋ ከቤተ ክርስቲያኗ የማትቀር ፕሮቴስታንት ናት፤ አንድም ቀን ፊቷን አላጠቆረችባቸውም። «ዲዮስ ሌ ቤንዲጋ» ብላ በአክብሮት ትመልስላቸዋለች።

«ጋሼ፣ ይህ እኮ ነውር ነው» አልኳቸው።

«እሷ እግዜር ይባርክዎት እያለችኝ አንተን ምን ቆረጠህ ልጄ?»

እንዲህ ስንኖር አዲስ ዋና ሼፍ ከስፔን፣ ከሳራጎሳ ተቀጠረልን። ሥራ አዋቂ ነው፤ ዓሣ ሲበልት ቢላው አጥንት አይነካም። በመጀመሪያው ጠዋት የሥራ መርሐ ግብሩን ወረቀት አጥፎ ኪሱ ከተተና ሜክሲኳዊው ፊት ቆሞ ጮክ ብሎ ጠየቀ፤ «ፒንቼዬ የት አለ?»

በሜክሲኮ ፒንቼ የሚለው ቃል የተረገመ፣ የማይረባ እንደማለት ነው፤ ፒንቼ መንግሥት፣ ፒንቼ ዝናብ፣ ፒንቼ መኪና ይባላል። ወጥ ቤቱ ጸጥ አለ፤ የጭስ ማውጫው ማራገቢያ ብቻ ይሰማል። ሜክሲኳዊው አልተሳደበም። ቢላውን በጨርቅ ጠረገ፣ ስለቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አስቀመጠ፣ ሽርጡን ፈትቶ ሰቀለና ዕቃ ወደሚራገፍበት የጓሮ በር ወጣ። ያን ጠዋት የእሱን ምድጃ የያዘ ሰው አልነበረም፤ የአንድ ትልቅ ድርጅት ቁርስ ዘገየ፤ ደንበኛው ቁጣውን ያወረደው እኔ ላይ ነው።

ሼፉ ምን እንዳጠፋ አልገባውም። «ድስቱን ኮሄ» ይላል፤ ያዝ ወይም አንሳ ማለቱ ነው። በሜክሲኮና በአርጀንቲና ግን ይህ ግስ የአልጋ ሥራ ስለሆነ ወጣቶቹ ድስት በተነሳ ቁጥር ይንከተከታሉ። የባሰው የመጣው ሶሱ ሲበላሽበት ነው። «ሜ ካጎ ኤን ላ ኦስቲያ» አለ። ኦስቲያ የቅዱስ ቁርባኑ ኅብስት ነው፤ የቀረውን አልተረጉመውም። ሳልቫዶራዊቷ እናት በእጇ የያዘችውን ትሪ ለቀቀችው። እኔም እያወቅኩት አማተብኩ። ሼፉ በኋላ እንደነገረኝ በእሱ አገር ይህ ጣቱን በር የቆነጠጠው ሰው ሁሉ የሚለው ነው፤ ጨዋው በቁርባኑ ምትክ «ወተት» ብሎ ያለዝበዋል። እግዚአብሔርን ራሱን በዚሁ አባባል በፌስቡክ የሰደበ አንድ ታዋቂ ተዋናይ የሃይማኖት ስሜትን በመንካት ተከስሶ እ.ኤ.አ. በ2020 የማድሪድ ፍርድ ቤት በነጻ አሰናብቶታል። ይህን የነገረኝ እንደ ማስረጃ አድርጎ ነው። ለሴትዮዋ ግን አልነገርኳትም።

ሁለቱም ክሶች የሰው ኃይል ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ ደረሱ። ኃላፊው ከእንግሊዝኛ በቀር የሚሰማው ቋንቋ የለም፤ ነገር ግን ሥርዓት ወዳድ ነው። እያንዳንዱ ሠራተኛ የሚያስቀይመውን ቃል በወረቀት ጽፎ እንዲያመጣ አዘዘ፤ የመጣውን ሁሉ ሰብስቦ «የተከለከሉ ቃላት» በሚል ርዕስ የመግቢያና የመውጫ ሰዓት መመዝገቢያው አጠገብ ለጠፈው። ያን ቀን ወጥ ቤቱ ሥራ አልሠራም ብል አላጋነንኩም። ሁሉም ወረቀቱን ከበው በስልካቸው ፎቶ ያነሳሉ፤ የማያውቁትን እርስ በርስ ይጠያየቃሉ። አስተማሪ ቢቀጠርላቸው በአንድ ፈረቃ ያን ያህል አይማሩም ነበር። ሳልቫዶራዊቷ ቢቾ መከልከሉን አይታ «ታዲያ ልጆቼን ምን ልበላቸው?» ብላ ጠየቀች። አርጀንቲናዊው ደግሞ ኮንቻ የሚለውን አስገብቷል፤ በእሱ አገር የሴት ብልት ስድብ ነው። ኮንቻ በሜክሲኮ ላዩ እንደ ዛጎል የተሸረከተ ጣፋጭ ዳቦ ነው፤ የእሑድ ቁርስ ዝርዝራችን ላይ በትልቁ ታትሟል። ፖርቶ ሪካዊቷ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ይዛ ኃላፊው ቢሮ ገባች፤ «በዚህ አትበሉ ያላችሁትን በዚህ ሽጡ ትላላችሁ» አለችው። እሑድ ዳቦው ተሸጠ፤ ዝርዝሩም ከግድግዳው አልወረደም።

የሜክሲኳዊው ጉዳይ ግን በወረቀት ስላላለቀ ስብሰባ ተጠራ። ኃላፊው፣ የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ፣ ሼፉና ሜክሲኳዊው ተቀመጡ፤ እኔ ከየትኛውም ወገን ስላልሆንኩ አስተርጓሚ ሆንኩ። ሼፉ ቀጥታ ወደ ነገሩ ገባ። በስፔን ፒንቼ የሥራ መደብ ነው፤ የወጥ ቤት ረዳት ማለት ነው፤ በቅጥር ማስታወቂያ ይወጣል፤ በውል ላይ ይጻፋል። «እኔም ልጅ ሆኜ ፒንቼ ነበርኩ፤ አላፍርበትም» አለ። ይህን ስተረጉምለት የኃላፊው ፊት ፈካ። አለመግባባት ነው ብሎ መዝገቡን ሊዘጋ እስክሪብቶውን አነሳ።

ሜክሲኳዊው እጁን ከፍ አደረገ። ሼፉ እሱን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በ«አንተ» ሲያናግረው የኖረ ሰው ነው፤ በስፔን ይህ የተለመደ ነው፤ ንቀት የለበትም። ሜክሲኳዊው ግን በ«እርስዎ» መለሰ።

«ሴኞር፣ ቃሉን አውቀዋለሁ። ከስፔን ሼፍ ጋር ስሠራ እርስዎ የመጀመሪያዬ አይደሉም። የረገሙኝ አልመሰለኝም፤ የወጥ ቤት ረዳት እንዳሉኝ ያኔውኑ ገብቶኛል። እኔ ግን ረዳት አይደለሁም።»

ይህን ወደ እንግሊዝኛ ስመልሰው ድምፄ እንደተለወጠ ተሰማኝ። ስለዚያ ቃል ስንት ቀን ተሳስቀናል፤ የየትኛው አገር ትርጉም ይበልጣል እያልን ስንከራከር ከርመናል፤ ሰውየውን የጠየቀው አልነበረም። ሼፉም ደነገጠ። ኪሱን ዳሰሰና ያን የመጀመሪያ ቀን የያዘውን መርሐ ግብር አወጣ፤ ወረቀቱ ቅባት ጠጥቷል። ከሜክሲኳዊው ስም ትይዩ በእንግሊዝኛ «የወጥ ቤት ረዳት» ይላል። «እኔ የተጻፈውን ነው ያነበብኩት» አለ።

የማኅበሩ ተወካይ እስከዚያ ድረስ ዝም ብላ ነበር። «የደመወዝ መዝገቡ ይምጣ» አለች።

መጣ። ሰውየው የተቀጠረው በረዳትነት ነው። ከዚያ ወዲህ ምድጃውን ተረክቦ፣ አዲስ ሰው አሠልጥኖ፣ ሼፎች ሲመጡና ሲሄዱ ወጥ ቤቱን ይዞ ቆይቷል፤ መደቡን የለወጠለት ግን የለም፤ የሚከፈለውም በረዳት ልክ ነው። በየሁለት ሳምንቱ ደመወዝ በመጣ ቁጥር ሲሰድበው የኖረው መዝገቡ ነበር። ቃሉን ከፍ ባለ ድምፅ የተናገረው ሼፉ ስለሆነ ብቻ ክሱ በሼፉ ላይ ወደቀ።

ኃላፊው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። መደቡ የምግብ አብሳይ ተብሎ ታረመ። ወደ ኋላ የሚከፈለው ልዩነት ግን አከራከረ፤ ሆቴሉ የአንድ ዓመቱን ብቻ እከፍላለሁ አለ፤ ተወካይዋ እምቢ አለች። ሼፉ ቁርባኑን ትቶ ወተት መሳደብ ጀመረ፤ ሁልጊዜ ግን አይሳካለትም።

በዚያው ሳምንት የሰው ኃይል ክፍሉ በር ላይ ሰልፍ ሆነ። ስለ ስድብ የመጣ ሰው አልነበረም። የዳቦ ክፍሉም፣ ዕቃ አጣቢዎቹም፣ አስተናጋጆቹም መደባቸው ምን ተብሎ እንደተጻፈ ለማየት ነው የቆሙት። ጋሼም ከነባርኔጣቸው መጡ፤ እንግሊዝኛውን እንዳነብላቸው እኔን ከጎናቸው አቁመው፣ ተራቸውን ለማንም አልለቀቁም።