ምጣዱ አልግል ሲል፣ ፍሪጁ ቀጭ ሲል

ዕቃውን ከመፍታታችሁ በፊት የሶኬቱን ቮልቴጅ በመልቲሜትር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ለኩ። መጀመሪያ ምንም ሳይሰራ፣ ቀጥሎ ምጣዱ በርቶ እያለ። ሳይሰራ 220 ያሳየው መልቲሜትር ምጣዱ ሲበራ 190 ላይ ከወረደ፣ ችግሩ ምጣዱ ውስጥ አይደለም። ከዚያ ያንኑ ልኬት ብሬከሩ ላይ ድገሙት፤ ይህን ግን ቀጥታ ኤሌክትሪክ ያለበት ስለሆነ ሙያተኛ ቢሰራው ይሻላል። ብሬከሩም ላይ እኩል ከወረደ ጣጣው ከቆጣሪው ወይም ከውጭው መስመር ነው። ብሬከሩ ላይ ደህና ሆኖ ሶኬቱ ላይ ብቻ ከወረደ ግን ግድግዳው ውስጥ ቀጭን ሽቦ ወይም የላላ ማያያዣ አለ። የግልገል ጊቤ 1 ኃይል ማመንጫ ለጅማ ቅርብ ነው፤ በከተማዋ ሰፈሮች፣ ሂርማታም ሆነ ኮቺ፣ ያለ ቤት የሚያገኘውን ቮልቴጅ የሚወስነው ግን የሰፈሩ ትራንስፎርመር ጭነት፣ የመስመሩ ርዝመትና የሽቦው ውፍረት ነው።

ብዙ ዋት የሚበላው የእንጀራ ምጣዱ ነው። 3,500 ዋት የሆነ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ይስባል። ሙቀቱ የሚወርደው ደግሞ በቮልቴጁ ልክ አይደለም፤ ከዚያ በባሰ ነው። 180 ቮልት ላይ ያው ምጣድ የሚሰጠው 2,350 ዋት ገደማ ብቻ ነው። እንጀራው ዓይን አላወጣ ሲል እርሾው ይታማል፣ ጤፉ ይታማል፣ ቮልቴጁን ግን የሚጠረጥር የለም።

ለምጣድ ለብቻው መስመር መዘርጋት አለበት፦ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦና 20 አምፔር ብሬከር። ዲቫይደር ላይ መሰካት የለበትም። ሶኬቱ የሚቀልጠው ብዙ ጊዜ ምጣዱ ከአቅሙ በላይ ስቦ አይደለም፤ የሽቦው ማሰሪያ ቪስ ስለላላ ነው። የላላው ቦታ ይግላል፣ ሲግል ይበልጥ ይላላል፣ በመጨረሻ ፕላስቲኩ ይጠቁራል። ከጋገራችሁ በኋላ ብሬከሩን አጥፉና ሶኬቱን በእጃችሁ ዳስሱት። እጅ የሚያቃጥል ከሆነ ከፍታችሁ አጥብቁ፤ የጠቆረ ከሆነ ቀይሩት። የጠቆረውን ሽቦ ጫፍም ንጹሕ መዳብ እስኪታይ ቁረጡት፣ አለበለዚያ አዲሱም ሶኬት ይከተለዋል።

ምጣዱ ጭራሽ ካልሞቀ ከሶኬት ነቅላችሁ በመሰኪያው ሁለት እግሮች መካከል ኦም (የሽቦውን ተቃውሞ) ለኩ። 3,500 ዋት ምጣድ 14 ኦም ገደማ ማሳየት አለበት። ምንም ካላሳየ ከሸክላው ስር ያለው ጥቅልል ሽቦ፣ ወይም ወደ እሱ የሚሄደው ገመድ ተበጥሷል። የተበጠሰውን ጥቅልል ጠምዝዞ መቀጠል የተለመደ ነው፣ ግን አልደግፈውም። የተጠመዘዘው ቦታ በደንብ ስለማይገናኝ እዚያው ይነድና ሌላ ቀን ይበጠሳል። የተቃጠለውን ክፍል ቆርጦ ማሳጠሩም ሌላ ጣጣ አለው፦ ሽቦው በአንድ አስረኛ ካጠረ ተቃውሞው ወደ 12.4 ኦም ይወርድና የሚስበው ወደ 18 አምፔር ይጠጋል፤ 16 አምፔር ሶኬት ይህን አይችልም። ሙሉውን ጥቅልል ተመሳሳይ ዋት ባለው መቀየር ነው የሚያዋጣው።

የጅማ ዝናብ ረጅም ነው፤ ሸክላ ደግሞ እርጥበት ይጠጣል። ሳምንት ሳይጋገርበት የከረመ ምጣድ ነዘር ነዘር ካደረገ በእርጥቡ ሸክላ በኩል ኤሌክትሪክ ወደ ቆርቆሮው አካል እየሾለከ ሊሆን ይችላል። ነቅላችሁ ፀሐይ ላይ አድርቁት፤ ከደረቀም በኋላ ከነዘረ ሽቦው አካሉን ነክቷል ማለት ነው፣ አትጠቀሙበት። የኤርዙ (ወደ መሬት የሚወስደው) ሽቦ ከቆርቆሮው ጋር መታሰሩን ደግሞ በዓይናችሁ አረጋግጡ። ሁለት ሽቦ ብቻ ያለው ገመድ ምጣድ ላይ ካያችሁ ወዲያው አስቀይሩት።

ፍሪጅ ሌላ ጠባይ አለው። መብራት ሄዶ ወዲያው ሲመጣ ኮምፕሬሰሩ ውስጥ ያለው ግፊት ገና አልተስተካከለም፤ ሊነሳ ይታገላል፣ ይጮኻል፣ ከዚያ መከላከያው ቀጭ ብሎ ያጠፋዋል። ስለዚህ መብራት ሲሄድ ንቀሉት፣ ከመጣ ከ5 ደቂቃ በኋላ ሰኩት፤ ወይም መብራት ሲመጣ ቆይቶ የሚያበራ ማዘግያ ያለው ስታቢላይዘር (ቮልቴጅ ማስተካከያ) ግዙ። ቮልቴጁ ደህና ሆኖ ቀጭ ማለቱ ካልቆመ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ከኮምፕሬሰሩ ጎን የተሰካው ሪሌ (ኮምፕሬሰሩን የሚያስነሳው) ነው። ነቅላችሁ ስትነቀንቁት ውስጡ የተሰባበረ ነገር ከተንኳኳ አልቆለታል፤ ዋጋው ከኮምፕሬሰር ጋር አይወዳደርም። ኮምፕሬሰሩ ራሱ መሞቱን ለማወቅ ሶስቱን እግሮቹን ሁለት ሁለት እያደረጋችሁ ለኩ፦ የሁለቱ ትናንሽ ልኬቶች ድምር ትልቁን መስጠት አለበት። አንዱ እግር ከብረቱ አካል ጋር ከተገናኘ ግን አበቃ።

በረዶውን በቢላዋ አትፈልፍሉ። ቱቦው ስስ አሉሚኒየም ነው፣ አንዴ ከተበሳ ጋዙ ይወጣል። ጀርባው ላይ አር600ኤ (R600a) ተብሎ የተጻፈበት ፍሪጅ ጋዙ ተቀጣጣይ ስለሆነ በእሳት አይበየድም።

ካውያ ላይ መጀመሪያ የሚሞተው ገመዱ ከእጀታው የሚወጣበት ቦታ ነው፤ እያወዛወዛችሁ መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ ሌላ አትፈልጉ። የውሃ ማፍያ ጀበናው ራሱን ካላጠፋ ክዳኑን እዩ። ማጥፊያውን የሚያነቃው እንፋሎቱ ነው፤ ክዳኑ ካልተገጠመ እንፋሎቱ በላይ በኩል ይወጣና ውሃው እስኪደርቅ ይፈላል። በነገራችን ላይ ጅማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው ወደ 94 ዲግሪ ላይ ነው፣ ይህ የማፍያው ጥፋት አይደለም።

ቴሌቪዥንና ሪሲቨርን የሚያቃጥለው መብረቅ በኤሌክትሪክ ገመድ ብቻ አይገባም፤ በዲሹ ገመድም ይመጣል። ስታቢላይዘርም አያግደውም። ሰማዩ ሲጠቁር ሶኬቱንም የዲሹን ገመድም ንቀሉ፤ ነጎድጓዱ ሰፈሩ ላይ ከደረሰ በኋላ ግን የዲሹን ገመድ አትንኩ።