ካርካኖ አይመታም ላላችሁኝ ሁሉ

ይሄን የምጽፈው አሜሪካ ሆናችሁ ከኢትዮጵያ የመጡትን፣ ካርካኖ የሚባሉትን የድሮ የጣልያን ጠመንጃዎች ለመግዛት ለምታስቡ ነው። እኔ ስገዛ አንድ ሰው ቁጭ አድርጎ ቢነግረኝ ኖሮ ስንት ዶላርና ስንት ቅዳሜ ይተርፈኝ ነበር።

ለማያውቅ፣ ሀገር ቤት መጋዘን ውስጥ ተከማችተው የኖሩ የድሮ መሳሪያዎች ከጥቂት ዓመታት በፊት በብዛት ተገዝተው እዚህ ገብተዋል፣ ሞዘሩም ቬተርሊውም ካርካኖውም። እኔ የፈለግኩት ካርካኖውን ነው፣ ረጅሙን ሞዴል 91፣ በ1928 ዓ.ም. የፋሽስት ጦር ይዞት የገባውን፣ አርበኞቻችን ደግሞ ማርከው መልሰው የተኮሱበትን። የአድዋ ጠመንጃ ነው የሚላችሁን አትስሙ፣ ጣልያን ይሄን መሳሪያ በፈረንጆቹ 1891 ቢቀበለውም አድዋ ላይ ወታደሩ በአብዛኛው የያዘው የቀደመውን ቬተርሊ ነበር።

ግዢው ቀላል ነው፣ ኦንላይን አዘዝኩ፣ ፈቃድ ያለው የሰፈር መሳሪያ ሱቅ ድረስ መጣልኝ፣ ፎርም ሞላሁ፣ ባክግራውንድ ቼኩ አለፈ፣ ይዤ ሄድኩ። የደረቀ ቅባቱንና አፈሩን ማጽዳት ትዕግስት ነው የሚፈልገው እንጂ እውቀት አይፈልግም። ከጸዳ በኋላ በርሜሉ ላይ ተርኒ የሚለው የፋብሪካ ማህተም ወጣ። ሰደፉ አንገቱ ላይ ተሰንጥቆ የሆነ ሰው በጠፍር አስሮታል፣ ጠፍሩ እርጥብ እያለ ተስቦ ታስሮ ሲደርቅ እንጨቱን ጨምቆ ይዞታል፣ ዛሬም በጥፍር ብትቧጥጡት አይላቀቅም። ሱቁ ያለው ሰውዬ ይሄን ቆሻሻ ቁረጥና አዲስ እንጨት ግጠምለት አለኝ። በፍጹም እንዳትነኩት! ያ ጠፍር የሀገሬ ሰው የእጅ ስራ ነው፣ ከጠመንጃው የበለጠ ዋጋ ያለው እሱ ነው። ጋንስሚዝ (ጠመንጃ ጠጋኝ) ጋር ወስጄ ሰደፉንም ቃታውንም በርሜሉንም አየልኝ፣ ደህና ነው፣ ተኩስበት አለኝ።

አሁን ወደ ተቃጠልኩበት ልምጣ። ካርካኖ ይዛችሁ ተኩስ ሜዳ ከሄዳችሁ ቀልዱ ይጀምራል። አይመታም፣ ከፊቱ መቆም ነው የሚሻለው፣ የሰብአዊነት ጠመንጃ ነው ሆን ብሎ ሰው አይጎዳም፣ ምናምን። ሁሉም አንድ ዓይነት ቀልድ ነው የሚያውቁት፣ ሁሉም ደግሞ አዲስ ነገር የተናገሩ ይመስላቸዋል። የአያቴ ወንድም ማይጨው ሄዶ ነው የቀረው። በዚህ ጠመንጃ የወደቁ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች አሁንም አሉ፣ እና አይመታም ሲሉኝ ደሜ ይፈላል። ያንን ጦር ባዶ እግሩን ወጥቶ የገጠመው ሰው ፊት ለፊቱ የነበረው ዒላማውን የሚስት ጠመንጃ አልነበረም!

ጥይቱን የገዛሁት ከዛው ሱቅ ነው። 6.5 ካርካኖ (6.5 ሚሊሜትር ማለት ነው) የሚል ፓኬት አወጣና ይሄው የሱ ነው፣ ሌላ ነገር አትፈልግ አለኝ። በ50 ያርድ ወረቀት ሰቀልኩ፣ ክሊፑን፣ ጥይቶቹን አንድ ላይ የያዘውን ቆርቆሮ፣ አስገባሁ፣ ተኮስኩ፣ ወረቀቱ ላይ ምንም የለም። ደገምኩ፣ ምንም። የመጨረሻው ጥይት ወደ በርሜሉ ሲገባ ባዶው ክሊፕ ከታች ወደቀ፣ እንዲህ ሆኖ ነው የተሰራው፣ ስድስት ጥይት በክሊፑ እንዳለ ይገባል፣ ስድስተኛው ሲጎርስ ክሊፑ በታች ባለው ቀዳዳ ይወድቃል። የሜዳው ተቆጣጣሪ ግን ሴዝ ፋየር (ተኩስ አቁሙ) ብሎ ጮኸና ሁሉንም አስቆመ፣ ጠመንጃህ እየፈረሰ ነው፣ እቃ እየወደቀ ነው ይለኛል! ሰው ሁሉ ዞሮ ያያል። ላስረዳው ስሞክር ሊሰማኝ አልፈለገም፣ በርሜሉ ሞቷል፣ ግድግዳ ላይ ስቀለው ብሎኝ ሄደ። ቃታውን ከፍቶ እንኳ ውስጡን አላየም። ይሄ ሰውዬ ደሞዝ የሚከፈለው ለዚህ ስራ ነው፣ እስካሁን ይገርመኛል።

ወረቀቱን ሳመጣ ጠርዙ ላይ አንድ ቀዳዳ አለ፣ ክብ አይደለም፣ ረዘም ያለ ነው፣ አረሩ በጎኑ ተኝቶ ነው የበሳው። ይሄ ነው ነገሩን የፈታልኝ፣ ምክንያቱም በርሜሉን ወደ ብርሃን አድርጌ ሳየው አረሩን የሚያሽከረክረው ጠምዛዛ መስመር ጥርት ያለ ነው፣ እንዲህ ያለ በርሜል ልኩ የሆነ አረር በጎኑ ሊልክ አይችልም። ለስላሳ የእርሳስ ድቡልቡል ዘይት ቀብቼ በበርሜሉ ውስጥ ቀስ ብዬ ገፍቼ አሳለፍኩና ሰፊ ቦታው ላይ በማይክሮሜትር ለካሁት፣ 0.268 ኢንች፣ የበርሜሉ የውስጥ ስፋት ማለት ነው። የፓኬቱን አረር ነቅዬ ለካሁት፣ 0.264። ይኸው!

አብዛኛው የዓለም 6.5 አረር 0.264 ነው፣ የጣልያኑ ግን ወፈር ይላል። ልዩነቱ የሚሊሜትር አስረኛ ገደማ ነው፣ ግን አረሩ መስመሩን ካልነከሰ ጋዙ በጎኑ ያመልጣል፣ አረሩም በደንብ ሳይሽከረከር ይወጣል፣ አርባ ሁለት ቁጥር እግር አርባ አራት ጫማ ውስጥ እንደማለት ነው። የካርካኖ የድሮ በርሜል ደግሞ ጥምዝማዜው ከጥይቱ ቤት በኩል ላላ ብሎ ጀምሮ ወደ አፈሙዙ እየጠበቀ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ ቀጭን አረር ጭራሽ አይስማማውም። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካለፈ በኋላ እዚህ ሀገር በርካሽ ሲቸበቸብ ሰው በቀጭን አረር እየተኮሰ ነው እንግዲህ ጠመንጃውን ያማው።

ስለዚህ የኔ ምክር ሱቆቹ ከሚሏችሁ ተቃራኒ ነው። ፓኬት ላይ የተጻፈውን አትመኑ፣ በርሜላችሁን ራሳችሁ ለኩ፣ ቀለሃ ላይ ባሩድና አረር ገጥሞ ጥይት መሙላት ከሚያውቅ ሰው ተማሩ ወይ አስሞሉ። ሆርናዲ የሚባለው የጥይት ፋብሪካ ውፍረቱ 0.268 የሆነ፣ ክብደቱ 160 ግሬይን፣ ጭንቅላቱ ክብ አረር ሰርቷል፣ እኔን ያዳነኝ እሱ ነው፣ ግን ሁሌ አይገኝም። የባሩዱን መጠን ከታመነ የሙሌት መጽሐፍ ብቻ ውሰዱ፣ ከወሬ አትውሰዱ፣ የመቶ ዓመት ብረት ነው።

ከዛ ማነጣጠሪያው አለ፣ እሱም ላይ የተነገረኝ ሁሉ የአሜሪካ ጠመንጃ ትምህርት ነው። የኋላው ማነጣጠሪያ ቅጠል ሙሉ በሙሉ ወደፊት ሲታጠፍ የሚቀረው የቪ (V) ቅርጽ ያለው ስንጥቅ ለ300 ሜትር የተቆረጠ ነው፣ ለ50 ያርድ አይደለም፣ ስለዚህ ከፍ ብሎ መምታቱ ጤንነት ነው። የፊቱን ጫፍ ከቪው አፍ ጋር እኩል አታድርጉት፣ ወደ ቪው ስር አውርዱት፣ ከኢላማው በታች አነጣጥሩ። እንዲህ ሳደርግና ትክክለኛውን አረር ሳጎርሰው በ100 ያርድ አንድ ክሊፕ ሙሉ መዳፌ የሚሸፍነው ቦታ ላይ ገባልኝ፣ ያለ መነጽር፣ በጠፍር በታሰረ ሰደፍ። እዛው ሜዳ ላይ ነው፣ ያ ተቆጣጣሪም ወረቀቱን አይቶታል፣ ምንም አላለም።

አንድ ነገር ላይ ግን ሐሜቱ እውነት አለው። 91/24 የሚባለውን አጭሩን ለተኩስ ብላችሁ አትግዙ። ረጅሙን በርሜል ቆርጠው ያሳጠሩት ነው፣ የተቆረጠው ደግሞ ጥምዝማዜው የጠበቀበት ጫፍ ነው፣ የቀረው የላላው ነው። የሚስተው እሱ ነው፣ በሱም ምክንያት ሁሉም አብሮ ተሰደበ። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ የተገደለበት 91/38 የሚባለው ሌላው አጭር ካርካኖ እንኳ ግድያውን ባጣራው ዋረን ኮሚሽን ፊት ሲመረመር የአሜሪካ ጦር ባለሙያ እንደ ጊዜው የጦር ጠመንጃዎች ይመታል ብሎ ነው የመሰከረው። ይሄ በፈረንጆቹ 1964 የተጻፈ ነገር ነው፣ የሚቀልዱት ግን አላነበቡትም።

ክሊፕ ከጥይት በፊት ግዙ፣ ያለሱ ጥይት አንድ በአንድ እያጎረሳችሁ ነው የምትተኩሱት፣ ክሊፕ ደግሞ ከጠመንጃው ጋር አይመጣም። ተኩስ ሜዳ ስትደርሱ መጀመሪያ ለተቆጣጣሪው ክሊፑ እንደሚወድቅ አሳዩት።