ድንቹ ቀድሞ ገባ

ባለፈው ኅዳር መጨረሻ፣ በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ የሰባት ዓመት ልጄ፣ የባለቤቴ አጎትና አሜሪካ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ እያዩኝ አንዲት ትንሽ ድንች በውኃ ቧንቧ ውስጥ በመጥረጊያ እንጨት ጎሰጎስሁ። ድርጊቱ ከአንድ ደቂቃ አልበለጠም። ይሁን እንጂ ከዚያ ቀን ወዲህ ፊቴን ስታጠብ፣ ባጃጅ ስጠብቅ፣ አንዳንዴም ቅዳሴ ላይ ቆሜ ሳለሁ ያቺ ድንች ትመጣብኛለች። በመጣችብኝ ቁጥር «ኧረ ምነው!» እያልሁ ድምፅ አውጥቼ ስለምናገር፣ በመሥሪያ ቤት አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ጠበል እንድሞክር በትሕትና መክራኛለች።

ነገሩን ያመጣው የአክስቴ ልጅ ነው። መንዝ ውስጥ መሐል ሜዳ አብረን አድገን፣ እርሱ ፔንሲልቬንያ ገብቶ የጭነት መኪና ይነዳል፤ እኔ ደብረ ብርሃን ቀርቼ ሒሳብ እሠራለሁ። የሥራ ባልደረቦቹ በየዓመቱ አጋዘን ሊያድኑ ጫካ ሲገቡ እርሱ ቤት ቁጭ ብሎ ከሥጋው የሚደርሰውን መጠበቅ ስለ ከበደው፣ ዘንድሮ የራሱን ጠመንጃ ይዞ ለመውጣት ቆረጠ። የፈለገው ደግሞ ከኋላ ጥይት የሚጎርሰውን ተራ ጠመንጃ ሳይሆን፣ ባሩዱም አረሩም በአፈሙዙ የሚገባበትን የጥንቱን ዓይነት ነበር፤ ምክንያቱም በዚያ አገር ለእንዲህ ዓይነቱ ጠመንጃ ብቻ የተለየ የአደን ወቅት አለ።

«አንተ መቼም የመንዝ ሰው ነህ፤ ታውቃለህ ብዬ ነው» አለኝ። እርሱም የመንዝ ሰው መሆኑን በዚያች ሰዓት ሁለታችንም ዘነጋነው። የደወለው በእርሱ ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ በእኛ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ነበርና በደብረ ብርሃን የኅዳር ውርጭ እጄን ከብርድ ልብስ አውጥቼ ስልክ ማንሣቴ ራሱ አንድ ጀብዱ ነው። በሕይወቴ ከጨበጥኋቸው የብረት መሣሪያዎች ሁሉ ትልቁ ስቴፕለር መሆኑን ያን ጊዜ ብነግረው ኖሮ ነገሩ እዚያው ላይ ያበቃ ነበር። ነገር ግን «ጠመንጃ አላውቅም» የሚለው ቃል ከመንዜ አፍ በቀላሉ አይወጣም። «ፎቶውን ላክልኝና አየዋለሁ» አልሁት።

ሦስት ፎቶ ላከልኝ። የመጀመሪያው ጥቁር የፕላስቲክ ሰደፍና መነጽር ያለው፣ ማቀጣጠያው ከበርሜሉ ኋላ ተሸፍኖ የሚቀመጥ፣ በአፈሙዙ መጉረሱ ካልተነገረ ማንም የማይጠረጥረው ዘመናዊ ነገር ነበር። ሁለተኛው መዶሻው ወርዶ ትንሽዬ የመዳብ ቆብ የሚመታበት ነው። ሦስተኛው ግን በርሜሉ ረጅም፣ እንጨቱ ያማረ፣ በመዶሻው መንጋጋ ባልጩት የነከሰ፣ ምላጩ ሲሳብ ባልጩቱ ብረት ገጭቶ በጎን ያለችውን የባሩድ ጽዋ በእሳት ፍንጣሪ የሚያቀጣጥል የአያቶች ነፍጥ ነበር። እኔም ሌሊቱን ሙሉ ሳነብ አድሬ፣ ማቀጣጠያው ዝናብ አይነካውም በሚል ምክንያት የመጀመሪያውን መረጥሁለት። ውፍረቱን ጠየቀኝ፤ አብዛኛው አዳኝ የሚይዘው ባለ ግማሽ ኢንች ነውና «50 ይሁን» አልሁት። በበርሜሉ ውስጥ ያለው ጠመዝማዛ በስንት ኢንች አንድ ጊዜ ቢዞር እንደሚሻል ሲጠይቀኝ፣ ክቡን አረር የሚያስማማው በ60 እና ከዚያ በላይ የሚዞረው ዝግተኛው፣ ረዘም ያለውን ደግሞ በ28 የሚዞረው ፈጣኑ መሆኑን ካነበብሁት ጠቅሼ፣ «48 ውሰድ፤ መካከለኛ ነገር ሰው አይጎዳም» ስል ለትዳር እንደሚመክር ሽማግሌ አረፍ ብዬ ተናገርሁ።

በማግሥቱ ምሳ ሰዓት ላይ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ፣ ድምፄን ሳላሳንስ፣ «ዘመናዊውን ጭስ አልባ ባሩድ እንዳትነካ፣ በርሜሉን ያፈነዳዋል! ጥቁሩን ነው፣ ከሰል፣ ድኝና ፖታሲየም ናይትሬት ያለበትን!» እያልሁ የድምፅ መልእክት ላክሁለት። ከጎኔ የነበሩ ሁለት ሰዎች ሻያቸውን በግማሽ ትተው ሒሳብ ከፈሉ። አስተናጋጇ የእኔን ሒሳብ ሳልጠይቃት አመጣችልኝ። ምክሩ ግን ትክክል ነበር፤ በዚህ ጉዳይ ውስጥ ትክክል የሆንሁባት ብቸኛዋ ነጥብ ስለሆነች እዚህ ላይ ትመዝገብልኝ።

ሳምንት ሳይሞላ እንደ ተረዳሁት፣ የአክስቴ ልጅ ፎቶዎቹን ሲልክልኝ ለመጀመሪያው ጠመንጃ ቀብድ ከፍሎ ነበር። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ሰው ምክር የሚጠይቀው ገና ሳይወስን ነው ብዬ የማምን የዋህ ነኝ፤ ወገኖቻችን ግን ቤቱን ከገዙ በኋላ ስለ ሰፈሩ፣ ቀለበት ካሰሩ በኋላ ስለ ልጅቱ ይጠይቃሉ፤ ያውም ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ። ነገሩ ከተበላሸ ጥፋተኛው አማካሪው ነው፤ ከሠመረ ደግሞ «እኔማ ቀድሞም ልቤ ነግሮኝ ነበር» ይባላል። በእኛ ጉዳይ ተበላሸ። ሊከፍል ሲሄድ ባለ ሱቁ የትኛውን ወቅት እንዳሰበ ይጠይቀዋል፤ እርሱም ከፈረንጆች ገና ማግሥት፣ በእኛ ታኅሣሥ 17 የሚጀምረውን ይለዋል። ለካ በዚያ ወቅት በፔንሲልቬንያ የሚፈቀደው ባለ ባልጩቱ ብቻ ነው፤ የእኔ ምርጫ የተፈቀደበት ሳምንት በጥቅምት አልፏል። «የመንዝ ሰው ብዬ!» አለኝ። ከዚያም ባለ ባልጩቱን ገዛና ጥያቄውን ወደ አጎራረሱ አዞረው፤ እኔም ያጣሁትን ክብር ለማስመለስ ስል እሑድ በቪዲዮ በተግባር አሳይሃለሁ ብዬ ቃል ገባሁ።

በዚያ እሑድ የባለቤቴ አጎት ከመንዙ የሣር ምድር ከጓሳ ወዲያ ካለው አገራቸው ለዓይን ሕክምና መጥተው እኛ ቤት ነበሩ። ስለ አደን ወቅት ስነግራቸው፣ ፈረንጅ አራዊቱን በቀን ቆጥሮ ያድናል ማለት ይከብዳቸዋል ብዬ ነበር፤ እርሳቸው ግን ወዲያው ገባቸው። «እንደ ጓሳው ነዋ! ድሮ ሣሩን በሚያስጠብቀው በቀሮው ሥርዓት ግጦሹም አጨዳውም ለዓመታት ይዘጋ ነበር፤ ካልተፈቀደ ማጭድ የሚያነሣ የለም» አሉ። ይህን ሰምቼ መጠንቀቅ ነበረብኝ። ሰውየው ነገር እንደሚያውቁ በግልጽ ታይቶ ነበር።

ለጠመንጃነት የመረጥሁት አከራያችን ለውኃ ታንከራቸው ሊያስቀጥሉት ግድግዳ ሥር ያቆሙትን፣ አንዱ ጫፉ ላይ ክርን የመሰለ መታጠፊያ የተጣበቀበትን ቧንቧ ነው። ባሩዱ የገብስ በሶ ሆነ። ነጭ ሽንኩርት ለአረርነት ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን ጾመ ነቢያት ገብቶ ቤቱ በድንች ተሞልቶ ስለ ነበር ከሁሉ የምታንሰውን፣ ክብነቷም የሚያስደስተውን አንዷን ድንች መረጥሁ። ውታፉ ከምጣድ ማሰሻ የተቀደደ ጨርቅ፣ መጠቅጠቂያው ዘንግ የመጥረጊያ እንጨት ነበር። በሶውን በሲኒ ለልጄ አስያዝኋት።

ከዚያም በቀጥታ ወደ ሥራው መግባት ሲገባኝ ንግግር ጀመርሁ። ካፒቴን ሃሪስ የተባለው የእንግሊዝ መልክተኛ እ.ኤ.አ. በ1841 ለንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ነፍጥና መድፍ በገጸ በረከትነት ይዞ ወደ ሸዋ መምጣቱን፣ ስለዚህ ይህ መሣሪያ በአንኮበርና በአንጎለላ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ መሆኑን፣ ለእኛም ከደም ጋር የወረደ ዕውቀት እንደሆነ አስረዳሁ። አጎትየው ከቡናቸው ቀና ሳይሉ፣ «ያ ለንጉሡ የተሰጠ ነው። ለአንተ ምን ሰጡህ?» አሉ። ባለቤቴ ሳቀች። እኔ ተናደድሁ፤ ተናድጄም ድንቿን በማሰሻው ጠቅልዬ በቧንቧው አፍ ከተትሁና በመጥረጊያው እንጨት፣ «አየህ፣ እንዲህ አድርገህ፣ በኃይል፣ መሬት እስኪነካ!» እያልሁ እስከ መጨረሻው ጎሰጎስኋት። መታጠፊያው ዘንድ ደርሳ ጥርቅም ብላ ስትቆም በእጄ ተሰማኝ። ላቤን ጠርጌ ወደ ስልኩ ዞርሁ።

ልጄ ሲኒውን ከፍ አድርጋ፣ «አባዬ፣ በሶውስ?» አለችኝ።

ቤቱ ጸጥ አለ። የአክስቴ ልጅ በስልኩ መስኮት አፉን እንደ ከፈተ ደርቆ ቀረ፤ ኔትዎርኩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ሁለት ጊዜ ወዘወዝሁት። ኔትዎርኩ ደኅና ነበር፤ ሰውየው ሳቁን ውጦ ነው። አጎትየው ስኒያቸውን በዝግታ ረከቦት ላይ አስቀመጡና እንዲህ አሉ፦ «ልጄ፣ የአያቴ ነፍጥ ቆመህ ጠብቀኝ ይባል ነበር። ባሩዱን፣ ከዚያ ውታፉን፣ ከዚያ አረሩን እስክታጎርሰው ድረስ ባላጋራህን ቆመህ ጠብቀኝ ብለህ ትለምነዋለህ። የአንተ ባላጋራ ግን መቆም አያስፈልገውም፤ ቁጭ ብሎ ቡና ያፈላል።»

ስሜ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ቆመህ ጠብቀኝ ሆነ። በመጀመሪያ በቤት፣ በሁለተኛው ቀን በግቢ፣ በሳምንቱ ደግሞ ዱቄት የምናስፈጭበት ወፍጮ ቤት ድረስ ተሰማ።

ከዚህ በኋላ ድንቿን የማውጣት ዘመቻ ተጀመረ፤ አራት ቀንም ፈጀ። በእውነተኛው ጠመንጃ ላይ ይህ ስሕተት ሲደርስ ጫፉ እንደ ብሎን የሆነ መንቀያ በዘንጉ ላይ ታስሮ አረሩን ወግቶ እንደሚያወጣው አንብቤ ስለ ነበር፣ ሽቦ አጣምሜ ወጋኋት፤ ሽቦው የወጣው የድንች ፍርፋሪ ይዞ ብቻ ነው። ከኋላ በኩል እንዳልገፋት መታጠፊያው እንጨት አያሳልፍም። በሁለተኛው ቀን የፈላ ውኃ አፈሰስሁባት፤ በግማሽ ስለ በሰለች ከቧንቧው ጋር ይበልጥ ተዋሐደች፤ ባለቤቴም በዚያ ስታልፍ ሚጥሚጣ እንዳልረሳ አሳሰበችኝ። አጎትየው በበኩላቸው በድሮ ጊዜ በጎን ባለችው ቀዳዳ ጥቂት ባሩድ ከአረሩ ኋላ አስገብተው ይተኩሱት እንደ ነበር ነገሩኝ። ባሩድ ስለሌለን እግዚአብሔርን አመሰገንሁ። በሦስተኛው ቀን አከራያችን የቧንቧ ሠራተኛው ነገ እንደሚመጣ አስታወቁ፤ ቧንቧቸው ለምን ድንች ድንች እንደሚሸትም ጠየቁኝ። «ከኩሽናው ነው» አልሁ። በዐርባ ዓመቴ ስለ ድንች ዋሸሁ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ቧንቧውን በጋቢ ጠቅልዬ ወደ ጎሚስታው ወሰድሁት። ከሁለት ሜትር የማያንስ ረጅም ነገር በጋቢ ሸፍኖ በደብረ ብርሃን አስፋልት መሄድ ምን እንደሚያስከትል የአገሩ ሰው ያውቀዋል፤ ከፊቴ የሚመጣው ሁሉ መንገድ እየለቀቀልኝ ደረስሁ። ጎሚስታው ወጣት ልጅ ነው። «ምን ገባበት?» አለ። «ድንች» አልሁት። ኮምፕረሰሩን አጠፋው። መልሱን በደንብ ለመስማት ኮምፕረሰሩን አጠፋና፣ «ለምን?» አለኝ። ለዚያ ልጅ ስለ ሣህለ ሥላሴ፣ ስለ ፔንሲልቬንያና ስለ ባልጩት ለማስረዳት ከሞከርሁ በኋላ በዓይኑ ውስጥ ያየሁትን ርኅራኄ ከእናቴ በቀር ከማንም አይቼ አላውቅም። የአየሩን ቱቦ በመታጠፊያው በኩል አስጠግቶ፣ ክፍተቱን በጨርቅ አፍኖ ለቀቀው። ድንቿ «ጧ!» ብላ ወጥታ የማዶውን የቆርቆሮ አጥር መታች። አስፋልቱ ባዶ ሆነ። አንድ ባለ ጋሪ ፈረሱን ትቶ ቦይ ውስጥ ገባ። ስንት እንደሚከፈል ስጠይቀው ልጁ ጥቂት አሰበና፣ «የጎማ ዋጋ ነው የማውቀው» አለ፤ 50 ብር ሰጠሁት።

ቧንቧው ተቀጥሎ እስከ ዛሬ ይሠራል። አከራያችን ውኃውን ከመጠጣታቸው በፊት አሁንም ያሸትቱታል።

ለገና አጎትየው ዓይናቸው ተሽሏቸው እንደ ገና መጡ። ዶሮው ከወጣ በኋላ የአክስቴ ልጅ ደወለ፤ ሁሉም እንዲሰማው ስልኩን በድምፅ ማጉያ አድርጌ መሶቡ አጠገብ አስቀመጥሁት። ታኅሣሥ 17 ማለዳ በበረዶ ውስጥ ወጥቶ እንደ ነበር ተረከልን። አጋዘኗ ከዐርባ እርምጃ በማይበልጥ ርቀት ላይ ጎኗን ሰጥታ ቆማለች። አነጣጥሮ ምላጩን ሲስብ በጽዋዋ ያለው ባሩድ ፊቱ ላይ ቦግ አለ፤ ጭሱ ዓይኑን ሸፈነው፤ ጠመንጃው ግን ድምፅ አላሰማም። ጭሱ ሲገለጥ አጋዘኗ ከቦታዋ ሳትነቃነቅ ጆሮዋን ቀስራ ታየዋለች። እርሱ ጽዋዋን እንደ ገና እስኪሞላ ድረስ ጠበቀችው። ዳግመኛ ቦግ አለ፤ ዳግመኛ ዝም አለ። ከዚያ በኋላ ነው ዞራ በእርምጃ የሄደችው።

«ቆማ ጠበቀችው!» አሉ አጎትየው፤ ከደስታቸው የተነሣ ጉርሻቸውን ወደ ሳሕኑ መለሱት። ከዚያም ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው፣ «ልጄ፣ እውነቱን ንገረኝ። ባሩዱን ነው ያስቀደምኸው ወይስ የወንድምህን ትምህርት ነው የተከተልኸው?» ሲሉ ጠየቁት።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ከስልኩ መልስ አልመጣም። ኔትዎርኩ መስሎኝ ስልኩን አንሥቼ ወዘወዝሁት።