ሁሉም ለምን ያበራብኝ ነበር?

ከአዳማ ስነሳ መሽቶ ነበር። የኮሮላዬ የኋላ ኮፈን ውስጥ ሁለት ጆንያ ሽንኩርት አለ፤ የኋላ ወንበር ላይ ደግሞ ሁለት ዘመዶቼ ተቀምጠዋል። በአሮጌው መንገድ ሞጆን አልፌ ወደ ቢሾፍቱ ስጠጋ ከፊት የሚመጣው ሁሉ ያበራብኝ ጀመር። አንዱ አበራ። ሌላው አበራ። አንድ ሚኒባስ ጭራሽ ጥሩምባውን እየነፋ አለፈ።

አጭር መብራት ላይ ነኝ። ደግሜ አየሁት፤ አጭር ነው። ስለዚህ ጥፋቱ የእነሱ መሰለኝና ደሜ ፈላ። ቀጥሎ የመጣው ከባድ መኪና ሲያበራብኝ እኔም ረጅሙን ለቀቅኩበት። አልመልስም አልኩ። እሱም አልመለሰም። ሁለታችንም ዓይናችን ጠፍቶ ተላለፍን። ከብርሃኑ ስወጣ ከፊቴ የፈረስ ጋሪ አለ፤ መብራት የለው፣ አንጸባራቂ የለው። ፍሬኑን ስረግጠው ጎማው ጮኸ። ጋሪው ላይ የነበረው ልጅ ዞር ብሎ አየኝ። ያ ፊት እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

ዱከም ላይ እጄ እየተንቀጠቀጠ አቆምኩ። ጎሚስታ ቤት ደጃፍ አይሱዙ ያቆሙ ጠና ያሉ ሹፌር ወደ እኔ መጡ። የጠበቅኩት ስድብ ነበር።

«እንደምን አመሸህ ወንድሜ። ምን ጭነሃል?»

«ሽንኩርት ነው ጋሼ።»

«መብራትህ እኮ ሰማይ ነው የሚያየው።»

መኪናዋን ከግድግዳው አምስት ሜትር ያህል አርቄ እንዳቆማት አደረጉኝ። የብርሃኑን ጫፍ በጎሚስታው ጠመኔ አሰመሩበት። ዘመዶቼ ወረዱ፣ ጆንያዎቹንም አወረድን። የመኪናዋ ኋላ ቀና ሲል ብርሃኑ ከመስመሩ ስንዝር ያህል ወረደ። በ5 ሜትር አንድ ስንዝር ማለት በ50 ሜትር አሥር ስንዝር ነው። ያን ሁሉ መንገድ በሰው ፊት ላይ እያበራሁ ነው የመጣሁት። ሰዎቹም ሊሰድቡኝ ሳይሆን ሊነግሩኝ ነበር የፈለጉት።

ጆንያዎቹን ወደ ፊት ወንበር አዛወርናቸው። እሳቸውም አንዱን ጫፍ ይዘው አገዙኝ።

በማግስቱ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ጋ ሄድኩ። ከመሪው በታች ከ0 እስከ 5 የተጻፈባት ትንሽ ማዞሪያ አሳየኝ፤ ለዓመታት ነክቻት አላውቅም። ኋላ ጭነት ሲኖር ቁጥሩን ትጨምራለህ፣ መብራቱ ዝቅ ይላል። ራሴ የገጠምኩትን የኤልኢዲ አምፖልም አስወጣኝ። የእኔ መኪና መብራት የተሠራው ለሃሎጅን አምፖል ነው፤ ረጅሙ 60፣ አጭሩ 55 ዋት። በኤልኢዲው ብርሃኑ ከሌላ ቦታ ሲነሳ፣ መብራቱ ውስጥ ያለው አንጸባራቂ ይበትነዋል፤ የተበተነው ደግሞ ሰው ዓይን ውስጥ ይገባል።

አሁን ሰው ሲያበራብኝ መጀመሪያ የምጠረጥረው የራሴን መኪና ነው። የሌላው ሰው መብራት ሲበላሽም ከኋላ አላበራበትም። ከኋላ የሚበራ መብራት «ልቀቅ» ይሁን «ተጠንቀቅ» በምን ይለያል? ራቅ ብዬ እከተላለሁ፣ ሲቆም እነግረዋለሁ። ከሁሉ በፊት ግን ሰላምታ። ያለ ሰላምታ የተነገረ ነገር መንገድ ላይ ጠብ ነው።

በቀደም ቃሊቲ አካባቢ ከአንዲት ቪትዝ ኋላ ነበርኩ። ነዳጅ ማደያ ስትገባ ተከትዬ ገባሁ።

«እንደምን ዋልሽ እህቴ፣ ይቅርታ፣ የቀኝ ፍሬን መብራትሽ አይሠራም።»

መስኮቱን ግማሽ ድረስ ዘጋችው። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ። «እዚህ ልቁምልሽ፣ ርገጪው» አልኳት። ረገጠች። ግራው በራ፣ ቀኙ የለም። «አምፖሉ ነው» አልኳት፤ ሁለቱም ቢጠፉ ኖሮ ፊውዙን ወይም ከፔዳሉ በላይ ያለችውን ስዊች ነበር የምጠረጥረው።

ወረደችና አየችው። ከዚያ ወደ እኔ መኪና ሄደች።

«ያንተንስ ማን አየልህ? ግባና ርገጥ።»

ገብቼ ረገጥኩ። በመስታወቱ ሳያት ጎንበስ ብላ ግራውንም ቀኙንም እያየች ነበር።