ዊንዶውሱ ኤች ላይ ተጭኖ የተገኘ ዕለት

ሚሊኒየሙን ያከበርንበት ዓመት ነው፤ 2000 ዓ.ም.። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር እጠግን ነበር። የሒሳብ ክፍሉ ኮምፒውተር ሃርድ ዲስኩ ተበላሸ። አዲስ 80 ጊጋባይት ገጠምኩና ዊንዶውስ ኤክስፒ ልጭን ተቀመጥኩ።

ሰማያዊው ገጽ መጣ። ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍልፋይ) ፈጠርኩ፤ ኢንተር ተጫንኩ፤ ፎርማቱ ጀመረ። ዊንዶውስ እያንዳንዱን ፓርቲሽንና ድራይቭ በፊደል ይጠራል፤ ራሱ የሚጫንበት አብዛኛውን ጊዜ ሲ ነው። ከፓርቲሽኑ ፊት የተጻፈችውን ፊደል ግን ልብ አላልኳትም። የሒሳብ ፕሮግራሙን ጭኜ፣ ዳታውን ከባክአፕ (ከመጠባበቂያ ቅጂው) መልሼ አስረከብኩ።

ሦስት ቀን በደንብ ሠራ። በአራተኛው ቀን የሒሳብ ሠራተኛዋ ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ ባክአፕ ላድርግ ስል ሲ ውስጥ ዲስክ አስገቢ ይለኛል። ሲ የቱ ነው?»

«እትዬ፣ ምንም ሳይነኩ ይጠብቁኝ» ብዬ በሩጫ ወረድኩ። ቀኑ 28 ነው፤ ደመወዝ ሊከፈል ሁለት ቀን ቀርቶታል። የሦስት ቀን ሥራቸው ያለው እዚያች ማሽን ላይ ብቻ ነው።

ማይ ኮምፒውተርን ስከፍት ነገሩ ገባኝ። ኬዙ ፊት ላይ አራት ቀዳዳ ያለው የካሜራ ካርድ ማንበቢያ አለ። ዲስኩ አዲስና ባዶ ስለነበር፣ መጫኛው ሲነሳ ሲን የሚሰጠው ፓርቲሽን አላገኘም። ከሲ እስከ ኤፍ ያሉትን ለካርድ ቀዳዳዎቹ አደለ፤ ጂን ለሲዲው ሰጠ። ኤ እና ቢ ድሮም የፍሎፒ ናቸው። ዘግይቶ የተፈጠረው ፓርቲሽን ኤች ደረሰው። ዊንዶውሱ በኤች ይሠራል፤ አይቸገርም። ባክአፕ የሚያደርገው ፋይል ውስጥ ግን የተጻፈው ሲ ነው። ባዶ የካርድ ቀዳዳ ነበር የሚያንኳኳው።

ፊደሉን ልቀይር ዲስክ ማኔጅመንት ወደሚባለው የዊንዶውስ መሣሪያ ገባሁ። ዊንዶውሱ የተጫነበትን ድራይቭ ፊደል አልቀይርም አለኝ። በሬጂስትሪ (ዊንዶውስ ቅንብሮቹን በሚያስቀምጥበት መዝገብ) በኩል ልሞክር ስል አለቃዬ ከኋላዬ ቆመው ያያሉ።

«ተው አንተ ልጅ! በየቦታው ኤች ተብሎ ተጽፏል። አንዱን ቀይረህ ሌላው ከቀረ ጭራሽ አልነሳም ይልሃል።»

እውነታቸውን ነው። እንዲህ ያለ ነገር ላይ አቋራጭ መፈለግ የሰው ሥራ ላይ መቆመር ነው።

ዳታውን በፍላሽ አወጣሁ። እትዬ በሌላ ኮምፒውተር ከፍተው የሦስቱን ቀን ደረሰኞች አንድ በአንድ እስኪያዩ ድረስ ምንም አልነካሁም። ከዚያ ኬዙን ከፍቼ የካርድ ማንበቢያውን ኬብል ከማዘርቦርዱ ላይ ነቀልኩ። አሮጌውን ፓርቲሽን አጠፋሁ። ፊደል የሚታደለው መጫኛው ሲነሳ ስለሆነ ወዲያው አዲስ አልፈጠርኩም፤ በኤፍ 3 ቁልፍ ወጥቼ፣ ማሽኑን አስነስቼ፣ መጫኑን እንደገና ከሲዲው ጀመርኩ።

አሁን ኢንተር ከመጫኔ በፊት ጣቴን ስክሪኑ ላይ አድርጌ ፊደሏን አነበብኩ። ሲ ናት።

ሁሉም ካለቀ በኋላ ኬብሉን መልሼ ሰካሁት። የካርድ ቀዳዳዎቹ ከሲዲው ቀጥሎ፣ ከኢ እስከ ኤች ተሰለፉ። እትዬ ባክአፑን ሞከሩት፤ ሠራ። ደመወዙም በ30 ተከፈለ።