የግንቡ ቡናማ ድንጋይ ዩኒቲ ውስጥ ለምን ወይን ጠጅ ይሆናል?

የፋሲል ግቢን ግድግዳ በስልክ አንስቶ ዩኒቲ በተባለው የጨዋታ መሥሪያ ፕሮግራም (ኤንጂን) ውስጥ የለጠፈ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚገጥመው ይኸው ነው፤ ፎቶው ላይ ሞቅ ያለ ቡናማ የነበረው ድንጋይ ጨዋታው ውስጥ አመድ የነሰነሱበት ይመስላል፣ ወይ ወደ ወይን ጠጅ ይሄዳል። ያን ጊዜ እጃችን የሚሮጠው ወደ ማቴሪያሉ (የግድግዳውን ገጽታ ወደሚወስነው ቅንብር) የቀለም ሳጥን ነው። እዚያ የሚገባው ግን ሌላው ሁሉ ከተፈተሸ በኋላ ነው። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ሳጥን ውጭ ነውና።

ከፎቶው እንጀምር። በቀትር ፀሐይ የተነሳ ግድግዳ በእያንዳንዱ ድንጋይ ሥር ጥላ ይዞ ይመጣል። ኤንጂኑ ደግሞ የራሱን ጥላ ሲጨምርበት ጥላው እጥፍ ይሆናል፤ የጨዋታው ፀሐይ በሌላ አቅጣጫ ከሆነች ደግሞ ጭራሽ ይጣረሳሉ። ስለዚህ ደመናማ ቀን ምረጡ፣ ወይም ፀሐይ ያልደረሰበትን ጎን አንሱ። ዝናብ የነካው ድንጋይ ይጠቁራል፣ ያብለጨልጫልም፤ እስኪደርቅ ጠብቁ። የስልኩን ዋይት ባላንስ (የነጭ ቀለም ሚዛን) ቆልፉና አንዱን ፎቶ 18 በመቶ ግራጫ ካርድ ግድግዳው ላይ አስደግፋችሁ አንሱ። ጊምፕ በተባለው የፎቶ ማረሚያ ፕሮግራም ውስጥ ያ ካርድ በቀይም፣ በአረንጓዴም፣ በሰማያዊም ከ0 እስከ 255 ባለው ልክ 119 አካባቢ እስኪያነብ አስተካክሉ። ነጭ ወረቀት ካርዱን አይተካም። ብሩህነቱን አይነግራችሁም፤ የቢሮ ወረቀት ደግሞ ወደ ሰማያዊ ያደላል።

የግንቡ ድንጋይ ጥቁር ቡናማ ባሳልት ነው፤ በመካከሉ ኖራ አለ፤ በመስኮትና በበር ቅስቶች ዙሪያ ደግሞ ቀላ ያለ ድንጋይ ገብቷል። ሦስቱን በአንድ ቴክስቸር (ገጽ ላይ በሚለጠፍ ምስል) ማጨቅ አይመከርም፤ የቅስቱን ድንጋይ ለብቻው አንሱ። ከተስተካከለ በኋላ የባሳልቱ ጨለማ ክፍል ከ50 በታች፣ ኖራው ከ240 በላይ መውጣት የለበትም። ከ50 በታች የወረደው አብዛኛውን ጊዜ ድንጋይ ሳይሆን ፎቶው ውስጥ የቀረ ጥላ ነው።

አሁን ወደ ኤዲተሩ። ፕሮጀክት ሴቲንግስ፣ ከዚያ ፕሌየር፣ ከዚያ ከለር ስፔስ፤ ሊኒየር (ብርሃን በእውነተኛ መጠኑ የሚሰላበት) መሆኑን አረጋግጡ። ሥራው ከተጋመሰ በኋላ ይህን መቀየር የሁሉንም መብራትና ማቴሪያል መልክ ስለሚለውጥ የመጀመሪያው ቀን ሥራ ነው። ቀጥሎ ቴክስቸሩን መርጣችሁ ኢንስፔክተሩ ላይ ኤስአርጂቢ (ፎቶ የሚቀመጥበት የቀለም ልክ) የሚለውን ምልክት እዩ። ለቀለም ቴክስቸር ይበራል፤ ለኦክሉዥን (ብርሃን በደንብ የማይደርስበትን ስንጥቅ ለሚያመለክት ምስል) እና መሰል የመረጃ ማፖች ይጠፋል። ሳይጠፋ ከቀረ ኦክሉዥን ማፑ ላይ 0.5 የነበረው ዋጋ 0.21 ሆኖ ይነበባል፤ በድንጋዮቹ መካከል ያለው ስንጥቅ ሁሉ ጥላሸት የተቀባ ይመስላል። አልፋ ቻናል (ከሦስቱ ቀለሞች ሌላ ያለው አራተኛው የምስሉ ክፍል) ግን በዚህ ምልክት አይነካም። የኖርማል ማፑን (የገጹን ውጣ ውረድ የሚናገረውን ምስል) ዓይነት ኖርማል ማፕ ብሎ መምረጥ ይበቃል። ድንጋዮቹ ወደ ውጭ በመውጣት ፈንታ ወደ ውስጥ የተሰረጎዱ ከመሰሉ ማፑ ለአንሪል (ለሌላ የጨዋታ ኤንጂን) የተዘጋጀ ነው፤ አረንጓዴ ቻናሉን ገልብጡት። አፕላይን መጫን አትርሱ።

ዩአርፒ (ከዩኒቲ የምስል ማሳያ ሥርዓቶች አንዱ) ላይ የሚሠራ ሰው የሚያስተው አንድ ወጥመድ አለ። ሊት ሼደር (የዩአርፒ መደበኛ የገጽታ ማስያ) ስሙዝነስን (ልስላሴን) የሚያነበው ከሜታሊክ ማፑ (ብረትነትን ከሚናገረው ምስል) አልፋ ነው። ማፑ አልፋ ከሌለው አልፋው 1 ተደርጎ ይወሰድና ግድግዳው ቅቤ የተቀባ ይመስላል። ከሌላ ፕሮግራም የመጣ ራፍነስ (ሻካራነት) ማፕ ከሆነም መገልበጥ አለበት፤ ስሙዝነስ ማለት ከ1 ላይ ራፍነስ ሲቀነስ ነው።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎም ቀለሙ ካልመጣ መብራቱን መርምሩ። ባዶ ሲን (የጨዋታ ትዕይንት) ክፈቱ፤ የአካባቢ ብርሃንን ጥቁር አድርጉ፣ የካሜራውን ፖስት ፕሮሰሲንግ (ምስሉ ከተሳለ በኋላ የሚጨመር ማስተካከያ) አጥፉ፣ ነጭ ዳይሬክሽናል ላይት (እንደ ፀሐይ ከአንድ አቅጣጫ የሚመጣ ብርሃን) በ1 መጠን አስቀምጡ። ቀለሙ 119 የሆነ፣ ስሙዝነሱ 0 የሆነ ግራጫ ሰሌዳ ብርሃኑን ፊት ለፊት እንዲያይ አቁሙ፤ የማቴሪያሉን ስፔኩላር ሃይላይትስና ኢንቫይሮመንት ሪፍሌክሽንስ አጥፉ። ስክሪኑ ላይ ሲለካ ከ119 ብዙ ካልራቀ መሠረቱ ጤነኛ ነው። ግድግዳውን ከአጠገቡ አቁማችሁ ከፎቶው ጋር አስተያዩ። እዚህ ልክ ሆኖ በዋናው ሲን ከተበላሸ ጥፋተኛው ሰማዩ ነው፤ ሰማያዊ ስካይቦክስ ጥላ ውስጥ ያለውን ቡናማ ወደ ወይን ጠጅ ይጎትተዋል። የአካባቢውን ብርሃን መጠን ቀንሱ፣ ወይም ግራዲየንት መርጣችሁ የምድሩን ቀለም ሞቅ አድርጉት። ቶንማፒንግ (ብርሃኑን ስክሪን ከሚችለው ልክ ጋር የሚያስማማው) ኤሲኢኤስ የሚባለው ዓይነት ከሆነ ንፅፅሩን ያጠነክራል፣ ደማቅ ቀለሞችንም ያዛንፋል፤ ለእንዲህ ያለ ድንጋይ ኒውትራል ይሻላል።

አሁን የቀለም ሳጥኑ ይከፈት። ቤዝ ማፕ አጠገብ ያለው ቀለም ከቴክስቸሩ ጋር ይባዛል፤ ስለዚህ ማጨለም እንጂ ማብራት አይችልም። ሊኒየር ላይ ብርሃኑን በግማሽ ለመቀነስ 128 ሳይሆን 188 ነው የሚጻፈው። ቀይ 255፣ አረንጓዴ 246፣ ሰማያዊ 235 ዓይነት ትንሽ ለውጥ በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ ካስፈለገ ወደ ፎቶው ተመለሱ። ጨዋታው እየሮጠ ማቴሪያሉን ከነካችሁ ለውጡ ስታቆሙት አይመለስም፤ የመብራቱ ለውጥ ግን ይጠፋል። ብዙዎች ይህን ስለሚያምታቱ የደከሙበትን መብራት ያጣሉ፣ ሊያጠፉት የፈለጉት ቀለም ደግሞ ይቀራቸዋል።

ለአንድሮይድ ስልክ መጠኑን አትናቁ። 2048 በ2048 የሆነ ቴክስቸር ሳይታመቅ 16 ሜጋባይት ይይዛል፣ ከሚፕማፕ (ለርቀት ከሚያገለግሉ ትንንሽ ቅጂዎች) ጋር ከ21 ያልፋል። ኤኤስቲሲ በተባለው ማመቂያ በ6 በ6 ሲታመቅ ያለ ሚፕማፕ ከ2 ሜጋባይት በታች ይወርዳል፤ ለሻካራ ድንጋይ ልዩነቱ አይታይም። የደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ እንዳሉት የመላእክት ፊቶች ጥርት ያለ ጥቁር መስመር ላለው ሥዕል ግን 4 በ4 ተጠቀሙ፤ አለዚያ የዓይኖቹ ዙሪያ ይቆሽሻል። በነገራችን ላይ እዚያ በፍላሽ ማንሳት ክልክል ነው፤ ለቴክስቸርም ቢሆን ፍላሽ መሐሉን አብርቶ ጠርዙን ስለሚያጨልም አይጠቅምም። ኤኤስቲሲን የማያውቅ አሮጌ ስልክ ቴክስቸሩን ፈትቶ ሳይታመቅ ይጭነዋል፤ ለእነሱ ኢቲሲ2 (ሌላ ማመቂያ) የተሠራበት ሌላ ቢልድ (የጨዋታው ቅጂ) አዘጋጁ።

ሚፕማፕ ሳይበራ ከርቀት የሚታይ ግንብ ካሜራው ሲንቀሳቀስ ይንቀጠቀጣል። ለግቢው መሬት አኒሶ (በጎን የሚታይ ገጽ እንዳይደበዝዝ የሚያደርገው ቅንብር) 8፣ ለግድግዳው 2 ወይም 4 ይበቃል።